ሰምና መዳብ

ኤቺንግ የሚባለው የሥዕል ህትመት ሥራው የሚጀምረው በሰም ነው። አንድ ጠፍጣፋ መዳብ ተወልውሎ ይጸዳል፤ ከዚያ የንብ ሰም፣ ሙጫና ሬንጅ ተቀላቅሎ በስሱ ይቀባል። ሠዓሊው በመርፌ ሰሙን እየጫረ ይስላል። መዳቡን አይቆርጠውም፤ ሰሙን ብቻ ነው የሚገልጠው። ሲጨርስ መዳቡ አሲድ ውስጥ ይገባል። አሲዱ ሰም ያለበትን አይነካም፣ መርፌው የገለጠውን መስመር ግን እየበላ ይቦረቡረዋል። ብዙ የቆየ መስመር ይጠልቅና ይጠቁራል፣ ቶሎ የወጣው ቀጭን ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ ሰሙ ይጠረግና ቀለም በመስመሮቹ ውስጥ ይሞላል። ከላይ የተረፈው ቀለም ይወለወላል፣ የራሰ ወረቀት ይደረብበታል፣ ከዚያ በከባድ የብረት ማተሚያ መሀል ያልፋል።

ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ነገር ሩቅ አይደለም። «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከአንጥረኛው ቤት ነው። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በቦታው ወርቁን ያፈሳል። አሠራራቸው ይለያያል፤ ሕጋቸው ግን አንድ ነው፦ ሰሙ ሲሄድ ነው ነገሩ የሚታየው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የድሮ ኤቺንግ ነው። ሰሙ በጣም ደስ ይላል። ወርቁ ግን እንደ ሰሙ ደስ የሚል አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥዕሉ በእንጨት ፍሬም ገብቶ እዚህ ሜሪላንድ፣ እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የገዛሁት ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ቦታ ነው። ከኋላ ኮረብታ አለ። ከፊት በርች የሚባሉት ግንደ ነጭ ዛፎች ተሰልፈዋል። መሀል ላይ ጣውላው ያረጀ፣ ትንሽ ዘንበል ያለ የእህልና የከብት ጎተራ ይታያል። ሰው የለም። ከታች በስተቀኝ በእርሳስ ተፈርሞበታል፦ ሉዊጂ ሉቾኒ።

አሜሪካኖች ሉቾኒን የሚያውቁት የቨርሞንት ሠዓሊ አድርገው ነው። ቨርሞንት በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ከካናዳ ጋር የሚዋሰን ትንሽ ተራራማ ግዛት ነው። ላይፍ መጽሔት በ1937 የቨርሞንት ሠዓሊ ሎሬት አድርጎ አቅርቦታል። በቃ፣ የቨርሞንትን ገጠር ማየት የፈለገ የሉቾኒን ሥዕል ያያል፣ እንደ ማለት ነው።

ሰውየው ግን የቨርሞንት ልጅ አልነበረም። የአሜሪካ ልጅም አልነበረም። በ1900 የተወለደው በሰሜን ጣሊያን፣ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ ባለች ማልናቴ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ቀድሞ ወደ ኒውዮርክ ሄደ። ቤተሰቡ በ1911 ተከተለ፤ ሉዊጂ ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር። በልጅነቱ ኩፐር ዩኒየን የሚባለው የኒውዮርክ ትምህርት ቤት ገብቶ ሥዕል ተማረ። በ1932 ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አንድ ሥዕሉን ሲገዛው ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነበር።

ቨርሞንት የሄደው በ1930 አካባቢ ነው። ኤሌክትራ ሃቬማየር ዌብ የተባለች ባለጸጋ፣ በኋላ የሼልበርን ሙዚየምን የመሠረተችው ሴት፣ የእርሻ ቦታዋን አካባቢ እንዲስልላት ጠራችው። ኮረብታዎቹ የተወለደበትን አገር አስታወሱት። ከዚያ በየክረምታችን፣ ማለትም በእነሱ በጋ፣ እየተመላለሰ በ1939 ማንቸስተር በተባለች የቨርሞንት ከተማ የእርሻ ቤት ገዛ። እስከሚሞትበት እስከ 1988 ድረስ የሳለው በአብዛኛው ያንን አገር ነው።

ስደት የሚያውቅ ሰው ይሄን ታሪክ ሲሰማ አንድ ነገር ይነካዋል። የሰው አገር ኮረብታ ላይ የራስህን ኮረብታ ማየት። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና እየነዳ «ይሄ ቦታ ቁርጥ እንትን አይመስልም?» ያላለ ሐበሻ ካለ ንገሩኝ። ሉቾኒ እንደዚያ ያለውን ስሜት ነው ሙያ አድርጎ የኖረበት።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሥዕል ተራ ሰው ቤት እንዴት ገባ? ይሄም የራሱ ታሪክ አለው። በ1934፣ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ እያለች፣ ሪቭስ ሉዌንታል የሚባል ሰው ኒውዮርክ ላይ አሶሺየትድ አሜሪካን አርቲስትስ የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሠዓሊዎች ገዢ አጥተዋል፤ ሕዝቡም የጋለሪ ዋጋ አይችልም። ስለዚህ ሠዓሊው አንድ ሥራ ይሠራል፣ ከዚያ ሥራ 250 ያህል ቅጂ ታትሞ ይፈረምበታል፣ አንዱ ቅጂ በ5 ዶላር ይሸጣል። ፍሬም የፈለገ 2 ዶላር ይጨምራል። ለሠዓሊው 200 ዶላር ይከፈለዋል። መጀመሪያ የተሸጡት ልብስና የቤት ዕቃ በሚሸጥባቸው ትልልቅ መደብሮች ነው፤ ቀጥሎ ካታሎግ ታትሞ በፖስታ ይታዘዝ ጀመር። ሉቾኒም ኤቺንጎቹን በዚህ ድርጅት በኩል አሳትሟል።

ምን ይሸጥ ነበር? ብዙው ገጠር ነው። ጎተራ፣ ፈረስ፣ የድርቆሽ ክምር፣ ኮረብታ። ገዢው ማን ነበር? ብዙው ከተሜ፣ በተለይ ወላጆቹ ወይም አያቶቹ ገጠሩን ትተው የመጡ ሰው። የለቀቀውን ነገር በ7 ዶላር ከነፍሬሙ ገዝቶ ሳሎን ላይ ሰቀለው።

አሁን ወደ ወርቁ ልምጣ። መንገዱን ያሳየኝ የታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን አባቴ ናቸው። አባቴ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ያደጉት በግ እየጠበቁ ነው። ሊጠይቁኝ መጥተው ሥዕሉ ፊት ቆመው ቆዩ። እኔ «ያምራል አይደል?» እንዲሉኝ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ባለቤቶቹ ወዴት ሄዱ?» አሉኝ።

«የምን ባለቤቶች?»

«የዚህ አገር ባለቤቶች ናቸዋ! ጭስ የለም። በግ የለም። ላም የለም። ሣሩን የጋጠው የለም። ዛፉም ቢሆን ማንም የተከለው አይደለም፤ ዝም ብሎ የወጣ ነው። ይሄ የተለቀቀ ግጦሽ ነው።»

እኔ ለወራት ሳየው ውበት ብቻ የታየኝን ሥዕል እሳቸው በሁለት ደቂቃ እንደ ደብዳቤ አነበቡት። ቆይቼ የቨርሞንትን ታሪክ ሳነብ ያሉት ሁሉ ልክ ሆኖ አገኘሁት። የሚገርመው ደግሞ የበጉ ነገር ነው።

ቨርሞንት በአንድ ወቅት የበግ አገር ነበረች፤ መንዝን ታስንቃለች። በ1811 አካባቢ ሊዝበን የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ዊሊያም ጃርቪስ ጸጉራቸው የተመሰከረለትን ሜሪኖ በጎች ከስፔን አምጥቶ ቨርሞንት ላይ አረባቸው። ሱፍ ወርቅ ሆነ። በ1840 ቆጠራ በቨርሞንት 1.68 ሚሊዮን ያህል በግ ነበር፤ ሰው ግን 292 ሺህ ገደማ ብቻ። ለአንድ ሰው ስድስት በግ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ለግጦሹ ሲባል ደኑ ተመነጠረ፤ ከግዛቱ መሬት አብዛኛው ራቁቱን ቀረ። ገበሬው ከመሬቱ ድንጋይ እየለቀመ ካብ ካበ።

ከዚያ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። በ1846 በውጭ ሱፍ ላይ የነበረው ቀረጥ ተቀነሰ። ቦዩና ባቡሩ ሰፊውን የምዕራብ ሜዳ ከገበያ ጋር ሲያገናኘው እዚያ የሚረባ በግ በርካሽ መጣ። የቨርሞንት ድንጋያማ ኮረብታ ይሄን መወዳደር አልቻለም። በጉ ታረደ ወይ ተሸጠ። ወጣቱ ወደ ኦሃዮ፣ ወደ ሚሺጋን፣ ወደ ዊስኮንሲን ጎረፈ። የቀረው ወደ ወተት ላም ዞረ፤ ከፍ ያለው ኮረብታ ላይ ያለው እርሻ ግን ተተወ። ቤቱ ወና ሆነ።

የተተወ ግጦሽ ባዶውን አይቀመጥም። በዚያ አገር ፀሐይ ወዳድ ዛፎች ቀድመው ይወጡበታል። ከእነዚህ ቀዳሚዎች አንዱ የትኛው ይመስላችኋል? በርች። ያ ሉቾኒ በፍቅር የሳለው፣ ዝናም ያገኘበት ነጭ ዛፍ። በአገራችን የፈረሰ ቤት ቦታ ላይ ሳማ ይበቅላል፤ ሳማውን ያየ ሰው «እዚህ ጋ ቤት ነበር» ይላል። በርቹም እንደዚያው ነው። ዛሬ ከቨርሞንት መሬት ሦስት አራተኛ ያህሉ ደን ነው። ደኑ ውስጥ ስትሄዱ ከየት መጣ የማይባል የድንጋይ ካብ በዛፎች መሀል ይዘልቃል። አጥሩ ቀረ፣ የታጠረለት በግ የለም።

እስካሁን ያለው ሐዘን እንጂ በደል የለበትም። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው።

ሁሉም አልሄደም። የቀሩ ነበሩ። ድሃ ገበሬዎች ነበሩ፣ ከካናዳ የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፣ ከሁሉም በፊት በምድሩ የኖሩት አቤናኪዎች ነበሩ። በ1925 ሄንሪ ፐርኪንስ የተባለ የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር የቨርሞንት የዩጀኒክስ ጥናት የሚባለውን ጀመረ። ዩጀኒክስ በአጭሩ «ጥሩ ዘር ይብዛ፣ መጥፎ ዘር ይቁም» የሚል፣ ያኔ እንደ ሳይንስ የተቆጠረ ሐሳብ ነው። የጥናቱ ሠራተኞች የድሆችን ቤተሰብ ሐረግ እየቆጠሩ ማን «ደካማ አእምሮ» እንዳለው፣ ማን ጠጪ እንደሆነ፣ ማን ከእርዳታ ቤት እንደገባ መዘገቡ። በ1931 ግዛቱ ማምከንን የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ርዕሱ ላይ «በፈቃደኝነት» የሚል ቃል አለ። ተቋም ውስጥ የተዘጋበት ሰው «ትወጫለሽ፣ ግን መጀመሪያ ፈርሚ» ሲባል የሚሰጠው ፈቃድ ምን ዓይነት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

በዚያው በ1931 ሌላ ነገር ታትሟል። ከፐርኪንስ ሥራ የተወለደው የቨርሞንት የገጠር ሕይወት ኮሚሽን ስለ ገጠሩ የወደፊት ዕጣ የሚናገር ትልቅ ሪፖርት አወጣ። ውስጡ እርሻ አለ፣ ትምህርት አለ፣ ቱሪዝምና የመልክዓ ምድር ውበትም አለ። በዓመቱ ግዛቱ የተማሩ የከተማ ሰዎች መጥተው ባዶውን የእርሻ ቤት ለበጋ ማረፊያ እንዲገዙ የሚጋብዝ ጽሑፍ አሳተመ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቷቸው። ኮረብታው ይጠበቅ፣ ጎተራው ይጠበቅ፣ ደግ ደጉ ሰው ከውጭ ይምጣ። እዚያው ያሉት ድሆች ግን እንዳይወልዱ ይሁን። ገጠሩ የተወደደው ከነሰዎቹ አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲው በ2019፣ የግዛቱ ምክር ቤት ደግሞ በ2021 ይቅርታ ጠይቀዋል።

ሉቾኒ በዚህ ነገር እጁ አለበት እያልኩ አይደለም። የለበትም። እንዲያውም ነገሩ እሱንም ሊነካው የሚችል ነበር። ድሃውን የቨርሞንት ገበሬ «መጥፎ ዘር» ያለው ሐሳብ ስደተኛውንም የሚያየው በዚያው ዓይን ነው። ሃሪ ላፍሊን የተባለ የዩጀኒክስ ሰው የአሜሪካ ምክር ቤት የስደተኞች ኮሚቴ አማካሪ ነበር። በ1924 በወጣው ሕግ ለየአገሩ ኮታ ተቆረጠ። በ1907 ብቻ ከጣሊያን ከ280 ሺህ በላይ ሰው አሜሪካ ገብቶ ነበር፤ በአዲሱ ሕግ ለጣሊያን የተፈቀደው በዓመት 3,845 ሰው ሆነ። የሉቾኒ እናት ልጆቿን ይዛ የተሳፈረችው በ1911 ባይሆን፣ ዐሥራ አራት ዓመት ብትዘገይ ኖሮ፣ በሩ ሊዘጋባት ይችል ነበር። ቨርሞንትም ሠዓሊዋን ባላገኘች።

በዚያው ዝርዝር ውስጥ የእኛም ስም አለ። ኢትዮጵያ፦ በዓመት 100። 100 ዝቅተኛው ቁጥር ነበር፤ ከዚያ በታች አይወርድም። የኮታው ሥርዓት የተሻረው በ1965 በወጣ ሕግ ነው። የስደተኞች ሕግ በ1980፣ ዲቪ ደግሞ ከዚያ በኋላ መጡ። እኔም ሆንኩ ዲቪ ሞልታችሁ የምታውቁ ሁሉ የምንቆመው ያ በር ከተከፈተ በኋላ ነው። አንድ ስደተኛ የሳለው በርች የእኔ፣ የሌላው ስደተኛ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል የቻለው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ ወርቁ ይሄ ነው። የዚህ ሥዕል ውበት የቆመው በሌሉ ሰዎች ላይ ነው። ሥዕሉ አይዋሽም፤ ጎተራው በእርግጥ ዘንበል ብሏል፣ በርቹም በእርግጥ ነበር። ዝም ያለው ነገር ግን አለ። ባዶ ገጠርን መውደድ ቀላል ነው። ባዶ ገጠር ግብር አይጠይቅም፣ አይራብም፣ አይከስም፣ አይሰደድም። ከተሜው የሰቀለው ገጠር ችግር የሌለበት ገጠር ነው፤ ምክንያቱም ችግር ያለበት ሰው ከሥዕሉ ወጥቷል።

ይሄን ብዬ እዚህ ላይ ብተወው የሰው ገመና አውርቼ መሄዴ ነው። የእኛን ግድግዳ እንይ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የስዊዘርላንድን ተራራ የያዘ ፖስተር ያልተሰቀለበት ሳሎን አይቶ ያውቃል? ፏፏቴ፣ አረንጓዴ መስክ፣ ቀይ ጣሪያ ያለው ቤት። ሰው የለም። እዚህ ውጭ አገር ደግሞ የሚሰቀለው የራሳችን ገጠር ነው፦ ጎጆ፣ ጀበና፣ እንስራ የተሸከመች ሴት፣ በሬ የጠመደ ገበሬ። «የእኛዎቹ ሰው አላቸው» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አላቸው። ስማቸው ማን ነው? እንስራ የተሸከመችው ሴት የማን ልጅ ናት? ጎጆው የየት አገር ነው? አይታወቅም። ሰው አለ፤ ግን ማንም አይደለም። ይሄ ከባዶው ብዙም አይርቅም።

ባለፉት ዓመታት አገር ቤት ስንቱ ሰው ከቀዬው እንደተፈናቀለ ታውቃላችሁ። ስንት ቤት ጭስ እንደማይወጣው ታውቃላችሁ። እኛ ደግሞ በዚያው ጊዜ «አገሬ» ብለን አረንጓዴ ኮረብታ ፖስት እናደርጋለን፣ ልብ እንሰጣለን። ኮረብታው በእርግጥ ያምራል። ኮረብታውን ወዶ በኮረብታው ላይ የሚኖረውን ሰው «መጤ» ወይም «ኋላ ቀር» ማለት እንደሚቻል ግን ቨርሞንት አሳይታናለች። ያውም ክፉ ፊት ባላቸው ሰዎች ሳይሆን፣ አገራቸውን በጣም በሚወዱ፣ በተማሩ፣ ሪፖርት በሚጽፉ ሰዎች።

ሥዕሉን አውርጄ አልጣልኩትም፤ እናንተም አትጣሉ። ሉቾኒ ዛፍ የሳለው አገር እንደሚፈልግ ሰው ነው፣ መስመሩ ላይ ይታያል። እኔ የምለው እንደ አባቴ እንይ ነው። ጭስ አለ ወይ? ማነው የጋጠው? ማነው የካበው? ባለቤቶቹ ወዴት ሄዱ? አንድ ጥያቄ መጠየቅ ውበቱን አይቀንሰውም። እኔ በርቹን ከድሮው አስበልጬ ነው አሁን የማየው።

ሌላም ሊደረግ የሚችል ትንሽ ነገር አለ። አባቴ ቤት አንድ የመንዝ ፎቶ አለ፤ የሚያድጉበት መንደር ከሩቅ የተነሣ ነው። ለእኔ ኮረብታና አምስት ስድስት ጣሪያ ብቻ ነበር። አንድ ቅዳሜ ፎቶውን ከፍሬሙ አወጣሁና እያንዳንዱን ጣሪያ ጠየቅኋቸው። ይሄ የእገሌ ቤት፣ ይሄ ባና ሠሪው፣ ይሄኛው ዘመቻ ሄዶ ያልተመለሰው፣ ይቺ ጥግ ያለችው የአክስትሽ፣ አሁን ሰው የለባትም። እሳቸው እያሉ እኔ ከጀርባው በእርሳስ ጻፍኩ። ሁለት ጣሪያ ላይ ሲደርሱ ስሙ ጠፋባቸው። የሚያውቅ ሌላ ሰው መኖሩን ጠየቅኋቸው። አንዲት ደብረ ብርሃን ያሉ አሮጊት አሉ፤ ስልካቸውን እያፈላለግን ነው።